ወደ ማሌዥያ ለመዝናናት ሲያስቡ፦ የሐላል ማዕድና የቀኗ ትንኝ

በዚህ ወር ከሐሙሲት በጣም ርቀን እንሄዳለን። ልጁ ማሌዥያ የሚማርለት ወላጅ ወይም በዓረብ አገርና በአውሮፓ ያሉ ዘመዶቹ «ዘንድሮ እዚያ እንገናኝ» ያሉት ቤተሰብ ዛሬ ብርቅ አይደለም። አገሩ አዛን የሚሰማበት፣ በየገበያ አዳራሹ «ሱራው» የሚባል መስገጃ ክፍል የማይጠፋበት ነው። ታዲያ «የሙስሊም አገር ስለሆነ ምንም አያሳስብም» ብሎ መነሳት በሁለት ነገር ያሳስታል፤ በምግቡና በትንኟ።

በመጀመሪያ ምግቡን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ መሠረት ከማሌዥያ ነዋሪ ከመቶው 63 ወይም 64 የሚሆነው ሙስሊም ነው። የቀረው ቡድሂስት፣ ክርስቲያን፣ ሂንዱና ሌላም ነው። ማላዩ፣ ቻይናውና ህንዱ በአንድ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ያበስላሉ። የአንዱ ድስት ሐላል ሲሆን የጎረቤቱ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚመሩት በጠረኑ ሳይሆን በምልክቱ ይሁን። ጃኪም የሚባለው የመንግሥቱ የእስልምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ለምግብ ቤቶችና ለታሸጉ ምግቦች የሐላል ማረጋገጫ ይሰጣል፤ በምልክቱ ላይ «ሐላል» የሚለው ቃል በዓረብኛ ፊደልም ተጽፏል። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው «አሳማ የለም» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ነው። ይህ ጽሑፍ ሐላል ማለት አይደለም። ዶሮው እንዴት እንደታረደ፣ ወጡ ውስጥ የሚያሰክር ነገር ስለመግባቱ ምንም አይናገርም። ሁለት ቃላት ይያዙ፦ «ባቢ» አሳማ ነው፤ «አራክ» ደግሞ የሚያሰክር መጠጥ ነው። ሁለተኛውን ለመያዝ አይቸገሩም፣ እኛም አረቄ የምንለው ከዚያው ከዓረብኛው ቃል የመጣ ነውና። «ማማክ» የሚባሉት የህንድ ሙስሊሞች ምግብ ቤቶች ለቤተሰብ ይመቻሉ፣ ዋጋቸውም አይጎዳም።

ሩዙ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ የፎገራ ሜዳ ሩዝ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ይሆናል። እዚያ ግን ነጭ ሩዝ ለቁርስም፣ ለምሳም፣ ለእራትም ይቀርባል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሩዙን ቀንሶ ዓሣውንና አትክልቱን ቢያበዛ ይሻለዋል። ሻይ ላይ ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። «ቴህ ታሪክ» የሚሉት ሻይ ስኳር በበዛበት ረግረግ ያለ የቆርቆሮ ወተት የሚዘጋጅ ነው። «ቴህ ኦ ኮሶንግ» ካሉ ወተትም ስኳርም የሌለበት ሻይ ያመጡልዎታል። ሌላው ነገር፣ «ሳምባል» የሚባለው የበርበሬ ማባያቸው ብዙ ጊዜ የሽሪምፕ ድቃቂ አለበት፤ ማባያዎቻቸው ውስጥ ለውዝም ይገባል። ሽሪምፕ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ብቻ ይቅመስ። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው።

ከመነሳትዎ በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን ያዘጋጁ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለሆነች ማሌዥያ ሲገቡ ይጠየቃሉ። ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የስኳር፣ የግፊትና የአስም መድኃኒት በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይሂድ። በሁለቱ አገሮች መካከል የ5 ሰዓት ልዩነት ስላለ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሰዓቱን እንዴት እንደሚያዛውር አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሙቀቱ በቀን 32 እና 33 ዲግሪ ይደርሳል፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም። ለደብረ ታቦር ደጋ ሰው ይህ ይከብዳል። ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስና ሒጃብ ይያዙ፣ ውሃ ሳይጠማዎት ይጠጡ። ነጠላዎን ግን አይተዉ፤ የገበያ አዳራሾቹ ማቀዝቀዣ ያንቀጠቅጣል። በኛ ክረምት የምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ጥሩ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ዝናቡ እዚያ ይበረታል።

አሁን ወደ ትንኟ እንምጣ። እኛ የፎገራን ወባ እናውቃለን። ትንኟ በማታ ትመጣለች፣ አጎበር እንዘረጋለን። በማሌዥያ ከተሞች የምታሳስበው ትንኝ ሌላ ናት፤ በቀን ትነክሳለች፣ ዴንጊ የሚባለውንም ትኩሳት ታስተላልፋለች። በሽታው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ በወረርሽኝ ታይቷል። ይህች ትንኝ የምትራባው ረግረግ ላይ ሳይሆን በባልዲ፣ በአበባ ማስቀመጫና በአሮጌ ጎማ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። በጣም የምትበረታው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታትና ከዓስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ሰዓታት እጅና እግር ይሸፈን። የትንኝ መከላከያ ቅባት ውዱእ ሲያደርጉ ስለሚታጠብ ከውዱእ በኋላ እንደገና ይቀቡ። ለሕፃናት የሚስማማውን ፋርማሲ ጠይቀው ይግዙ። ቀን የሚተኙ ልጆችን አጎበር ውስጥ ያስተኙ።

ዴንጊ ከተነከሱ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ስለዚህ ሕመሙ የሚነሳው ሐሙሲት ከተመለሱ በኋላ ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይን በስተኋላ የሚሰማ ሕመም፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ቁርጥማት፣ አንዳንዴም ሽፍታ ይኖረዋል። የጤና ባለሙያው በአካባቢያችን ልማድ መጀመሪያ ወባ ይመረምራል፤ ትክክልም ነው። ወባ የለም ከተባለ ግን «ከማሌዥያ በዚህ ቀን ተመልሻለሁ» ብለው ይንገሩት፤ ካልነገሩት ሊያስበው አይችልም። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ በታዘዘው መጠን ይውሰዱ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ አይንኩ፤ ጎረቤት ቢያቀብልዎትም እንኳ። ፈሳሽ በብዛት ይጠጡ፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ይጠቅማል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው ትኩሳቱ ሲለቀው ነው። አደገኛው ጊዜ የሚጀምረው ግን ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። ሆድ አጥብቆ ካመመ፣ ማስታወክ ካላቆመ፣ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ በሽተኛው ከደከመና ከተቅበጠበጠ ነገን ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።