ማሽላ በቀን ሳይሆን በሙቀት ያድጋል፦ ለከብት ነጋዴ የሚሆን ትምህርት

ማሽላ በመተማና በገዳሪፍ ቆላ፣ እንዲሁም በሐረርጌ በብዛት ይዘራል። የቁም ከብት ወደ ሱዳን፣ ወደ ሶማሌላንድና ወደ ጅቡቲ የሚሻገረውም በእነዚሁ አካባቢዎች በኩል ነው። መንገድ ላይ መኖ ሲያጥር ነጋዴው የታጨደ የማሽላ ማሳ ተኮናትሮ ያስግጣል፤ ወይም እርጥብ ማሽላ በሸክም ይገዛል። በሐረርጌ ገበሬው ማሽላውን አብዝቶ ዘርቶ፣ ሲያሳሳ የሚነቅለውን ለሰንጋ መመገቡ የቆየ ልማድ ነው።

ይሁን እንጂ ለጋ የማሽላ ቅጠል ከብት ሲያኝከው ሳይናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ይይዛል። ነጋዴው ይህን ሰምቶ ማሳውን ከመግዛቱ በፊት «ከበቀለ ስንት ቀኑ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል፤ መልሱ ግን ሊያሳስት ይችላል። የማሽላ ዕድሜ የሚለካው ባለፈው ቀን ሳይሆን ተክሉ ባገኘው ሙቀት ነው።

ቅጠል የሚወጣበት ሥርዓት

የማሽላ ቅጠሎች አንድ በአንድ የሚፈጠሩት ከተክሉ የእድገት ጫፍ ነው። ከበቀለ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ይህ ጫፍ ከአፈር በታች ይቆያል። ስለዚህ በዚያ ወቅት የቅጠሉን ፍጥነት ይበልጥ የሚወስነው የአፈሩ ሙቀት ነው። ጫፉ አፈር ውስጥ በመሆኑም ከብት ቡቃያውን ቢግጠው ተክሉ አይሞትም፤ እንደገና ለጋ ቅጠል ያወጣል።

ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ቅጠል መውጣት ሊቆም ይቃረባል። ከዚያ በላይ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ቅጠሉ ቶሎ ቶሎ ይወጣል። ከ35 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ፍጥነቱ መልሶ ይቀንሳል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል፤ ከውጤቱ ላይ 10 ይቀነሳል። የሚቀረው ተክሉ በዚያ ቀን የሠራበት ሙቀት ነው። ማሽላ በወጣትነቱ አንድ ቅጠል ለማውጣት ከ40 እስከ 50 የሚደርስ የሙቀት ድምር ይፈልጋል። ለምሳሌ 45 እንበል።

በቆላ ቀኑ 34፣ ሌሊቱ 24 ዲግሪ ቢሆን አማካዩ 29 ነው፤ 10 ሲቀነስ 19 ይቀራል። በወይና ደጋ ቀኑ 26፣ ሌሊቱ 12 ዲግሪ ቢሆን አማካዩ 19 ነው፤ የሚቀረው 9 ብቻ ነው። በ20 ቀን ውስጥ የቆላው ማሽላ 380 ያጠራቅማል፤ ስምንት ያህል ቅጠል ያወጣል። የወይና ደጋው 180 አጠራቅሞ ከአራት አያልፍም። ሁለቱም ማሳዎች «የ20 ቀን» ናቸው፤ ለከብት ግን አንድ አይደሉም። በቆላ የለመደውን የቀን ቆጠራ ይዞ ወደ ደጋማው ስፍራ የሚሄድ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ድርቅ ሲገባ ሂሳቡ ይፈርሳል

ይህ ስሌት የሚሠራው አፈሩ እርጥበት ሲኖረው ነው። ዝናብ ሲቋረጥ ሙቀት ቢኖርም ቅጠል መውጣቱ ይዘገያል፤ ተክሉ ቀጭጮ ይቀራል። ቀኑ ያልፋል፣ ማሽላው ግን ለጋ እንደሆነ ይቆያል። የመርዙ መጠንም በድርቅ ጊዜ ይጨምራል።

ከድርቅ በኋላ የሚመጣ ዝናብ ደግሞ ሌላ አደጋ ያስከትላል። ከቀጨጨው አገዳ ሥር አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ከአጨዳ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውም እንዲሁ ነው። ማሳው ከሩቅ ሲታይ ያረጀና የደረቀ ይመስላል፤ ከብቱ ግን መርጦ የሚበላው ከሥር ያለውን ለጋ ነው። ስለዚህ «የታጨደ ማሳ ነው፣ ችግር የለውም» የሚለው የደላላ ቃል ብቻውን አይበቃም።

ከመግዛት በፊት የሚታይ

አንደኛ፣ ቁመቱን መለካት ነው። ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ያልደረሰ ማሽላ ለግጦሽ አይሆንም፤ ረጅም ለሚያድጉት ዝርያዎች 75 ሴንቲሜትር መጠበቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ማየት ነው። አዲስ ቡቃያ ካለ፣ ትልቁ አገዳ ረጅም ቢሆንም ማሳው አይታመንም።

ሦስተኛ፣ ዝናቡን መጠየቅ ነው፤ መቼ ተቋረጠ? መቼ ተመለሰ? ይህ መልስ «ስንት ቀኑ ነው?» ከሚለው ይልቅ ብዙ ይነግራል።

አራተኛ፣ የተራበ ከብት ወደ ማሽላ ማሳ አለመልቀቅ ነው። አስቀድሞ ድርቆሽ ወይም ገለባ ቢበላ፣ ማሽላውን ተስገብግቦ አይበላም። ረጅም መንገድ የተጓዘ ከብት ለዚህ አደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

አምስተኛ፣ የጠወለገንና የደረቀን መለየት ነው። በደንብ የደረቀ ማሽላ አብዛኛው ሳይናይድ ይወጣለታል፤ ገና የጠወለገው ግን አደገኛ ነው። ናይትሬት የሚባለው ሌላው መርዝ ግን በማድረቅ አይጠፋም። እሱ በድርቅ ጊዜ በተለይ በአገዳው ታችኛ ክፍል ይከማቻል።

ምልክቱና እርምጃው

በሳይናይድ የተመረዘ ከብት በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ደሙና ድዱ ደማቅ ቀይ ይሆናል። በናይትሬት የተመረዘ ከሆነ ግን ደሙ ወደ ቡናማ ይጠቁራል። ይህን ልዩነት ለእንስሳት ሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነውና። ለሳይናይድ ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ለናይትሬት ሜቲሊን ብሉ በደም ሥር ይሰጣል። ሞት በደቂቃዎች ውስጥ ሊመጣ ስለሚችል የቀሩትን ከብቶች ሳያስሮጡ ከማሳው ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ኪሳራውን በገንዘብ ማየትም ይጠቅማል። አንድ ነጋዴ በእያንዳንዱ በሬ ላይ ከመግዣው ዋጋ 5 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ፣ አንድ በሬ ሲሞትበት የ20 በሬ ትርፍ ጠፋ ማለት ነው። 20 በሬ ይዞ የተነሳ ሰው አንድ ሞቶበት ገበያ ቢደርስ ከትርፉ የሚቀረው ነገር የለም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር አንድ ሸክም ድርቆሽ መግዛትና ማሳውን ዞሮ ማየት የሚያስወጣው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው።