ባለዘንግ የእጅ መጋዝ እንዴት ይመረጣል?

በከተሞቻችን ብዙ የመኖሪያ ግቢዎች ውስጥ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ግራቪሊያ ወይም ጽድ ይገኛል። ሲተከሉ ከአጥር የማይበልጡ ችግኞች የነበሩት ዛፎች ከዓመታት በኋላ ቅርንጫፎቻቸውን ከቤት ጣሪያ በላይ ይዘረጋሉ። የደረቀ ወይም ቆርቆሮ የሚመታ ቅርንጫፍ ማስወገድ ሲያስፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ወጣቶች አንዱ መጋዝ ይዞ ዛፉ ላይ ይወጣል። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ልማድ ነው። ከ5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ቆራጩ እግሩን ከመሬት ሳያነሳ ሥራውን እንዲያከናውን የሚረዳው መሣሪያ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተገጠመ የእጅ መጋዝ ነው። ይህን መሣሪያ የሚገዛ ወይም የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ረጅሙ ይሻላል» ብሎ ያስባል። እኛ ግን ሥራውን የሚፈጽመው አጭሩ ዘንግ የተሻለ መሆኑን በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ለማሳየት እንሞክራለን።

1. የርዝመት ዋጋ

4 ሜትር ርዝመትና 1.5 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው ዘንግ ጫፉ ላይ 0.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መጋዝ ተገጥሞለታል እንበል። ዘንጉን አግድም ይዘን አንዱን እጃችንን በግርጌው፣ ሌላውን ከዚያ 1 ሜትር ራቅ አድርገን እናስቀምጥ። የመሬትን ስበት 10 ሜትር በሰከንድ ካሬ አድርገን ብንወስድ፣ በግርጌው ዙሪያ የሚፈጠረው ቶርክ (15 × 2) + (5 × 4) = 50 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የፊተኛው እጅ በ50 ኒውተን ወደ ላይ ማንሳት፣ የኋለኛው እጅ ደግሞ በ30 ኒውተን ወደ ታች መጫን አለበት። መሣሪያው በሙሉ የሚመዝነው ግን 20 ኒውተን ብቻ ነው!

ተመሳሳይ ዘንግ 6 ሜትር ቢሆን ክብደቱ 2.25 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ቶርኩም (22.5 × 3) + (5 × 6) = 97.5 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲጨምር የክንዳችን ሸክም ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ዘንጉ ከመሬት 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ቶርኩ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ አስቸጋሪው ጊዜ ዘንጉን ከመሬት የምናነሳበት ነው። ተዘርጊ ዘንግ ጠቃሚ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ አሳጥረን ካቆምነው በኋላ ልናስረዝመው እንችላለን።

ሌላው ችግር መጉበጥ ነው። ውፍረቱ ያልተለወጠ ዘንግ በጫፉ ክብደት ሲጫንበት የሚጎብጠው በርዝመቱ ኪዩብ ልክ ነው። ርዝመቱ 1.5 ጊዜ ሲያድግ ጉብጠቱ 3.4 ጊዜ ያህል ይጨምራል። የሚወዛወዝ ጫፍ ደግሞ በአንድ መስመር አይቆርጥም።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት እንለካ። አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆነ ወረቀት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ብናጥፍ የ45 ዲግሪ መለኪያ እናገኛለን። ቅርንጫፉ በዚህ ማዕዘን እስኪታየን ድረስ ወደ ኋላ እንሂድ። ከቅርንጫፉ ትይዩ ታች ካለው ነጥብ እስከ ቆምንበት ያለው ርቀት ከዓይናችን ከፍታ ጋር ሲደመር የቅርንጫፉን ከፍታ ይሰጠናል። የ4 ሜትር ዘንግ በ60 ዲግሪ ተይዞ ግርጌው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ቢል ጫፉ 4.5 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ባለ6 ሜትሩ ደግሞ 6.2 ሜትር ያህል።

2. ዘንጉ ከምን ይሠራ?

የአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር አሉሚኒየም ክብደት 2.7 ግራም ሲሆን የብረት ወደ 7.8 ግራም ነው። የአሉሚኒየም ቱቦ ተመራጭ የሆነው ቀላል በመሆኑ ነው። ቱቦ መሆኑም ምክንያት አለው፤ በእኩል ክብደት ሲወዳደሩ ውስጡ ክፍት የሆነው ከድፍኑ ይልቅ መጉበጥን ይቋቋማል። የደጋ ቀርከሃችን ይህን ጥበብ ይጠቀማል፤ የቆላው ቀርከሃ ግን በአብዛኛው ድፍን ነው። የደረቀና ያልተሰነጠቀ የደጋ ቀርከሃ በዋጋም ሆነ በክብደት ጥሩ አማራጭ ይሆናል።

አሉሚኒየም ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ፋይበርግላስ ደረቅና ንጹሕ ሲሆን የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ዝቅተኛ ነው። ቀርከሃም ሆነ ሌላ እንጨት እርጥበት ካለው ያስተላልፋል። ሆኖም የትኛውም ዘንግ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ለመሥራት ፈቃድ አይሰጥም። ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ቅርንጫፉ ሽቦውን የሚነካ ከሆነ ሥራው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያዎች እንጂ የእኛ አይደለም።

3. ስለቱና ጥርሶቹ

ረጅምና ቀጭን ነገር ሲገፋ ይጎብጣል፤ ሲሳብ ግን ይወጠራል። ስለዚህ ጥርሶቹ ወደ ቆራጩ ያዘነበሉና ሲሳቡ የሚቆርጡ መሆን አለባቸው። ወደ ታች ስንስብ የመሣሪያው ክብደትም ያግዘናል። ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለት በተሳበ ቁጥር ጥርሶቹን እንጨቱ ላይ ይጫናል። እርጥብ እንጨት ሰጋቱራው ስለሚጣበቅ፣ በጥርሶቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ያለውን እንምረጥ። በስለቱ ጫፍ ያለው ሜንጦ መጋዙ ከቅርንጫፉ ላይ እንዳይንሸራተት ይጠብቃል፤ በግርጌው ማጭድ መሰል ስለት ካለ ደግሞ ከዚህ በታች የምንገልጸውን የመጀመሪያ ቁርጥ ያቀላል።

4. አቆራረጥ

ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ በክብደቱ ተገንጥሎ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በሦስት ቁርጥ እንሠራለን። በመጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀን ከሥር ጥቂት እንቆርጣለን። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ከላይ ቆርጠን ቅርንጫፉን እንጥላለን። በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ ከቅርንጫፉ አንገትጌ፣ ማለትም በግንዱ መጋጠሚያ ላይ ካለው እብጠት፣ ወጣ ብለን እናነሳለን።

አንገትጌው ለምን ይጠበቃል? የሰው ቁስል በአዲስ ሴሎች ይተካል፤ ዛፍ ግን የተጎዳውን እንጨት አይተካም፣ ከጤናማው ክፍል በግድግዳ ይለየዋል እንጂ። አሜሪካዊው የዛፍ ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ይህን ሂደት በ1977 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራው አብራርቶታል። አንገትጌው ከግንዱ ጋር ከተላጨ ይህ መከላከያ ይፈርስና መበስበስ ወደ ግንዱ ይገባል። ጉቶው ረዝሞ ከቀረ ደግሞ ቁስሉ በወቅቱ አይሸፈንም።

ባለዘንግ የእጅ መጋዝ የሚመቸው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለሚወፍር ቅርንጫፍ ነው። ይህ ውፍረትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ ቅርንጫፍ 14 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ይችላል፤ ከ5 ሜትር ሲወድቅ የሚይዘው ጉልበት 700 ጁል ነው። በመሆኑም ከቅርንጫፉ ሥር አንቁም፤ የራስ ቁርና የዓይን መነጽር እናድርግ፤ ልጆችንም እናርቅ። ከዚህ የወፈረውን ለባለሙያ እንተው።

መልመጃ፦ በግቢያችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ካሉት ዛፎች የአንዱን ዝቅተኛ የደረቀ ቅርንጫፍ ከፍታ ለኩ። ዘንጉ በ60 ዲግሪ ቢያዝና ግርጌው ከመሬት 1 ሜትር ቢሆን፣ የሚያስፈልገው አጭሩ ዘንግ ስንት ሜትር ነው? ዘንጉ አግድም ሲያዝስ በክንዳችሁ ላይ የሚያሳርፈው ቶርክ ምን ያህል ይሆናል? ይህን አስልቶ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ገንዘቡንም፣ ክንዱንም፣ ዛፉንም ያድናል።