የዶሮ ቤት በጫጩት አይለካም

ነገ ተመርቀን የምንሄድበት ትምህርት ቤት ጓሮ ይኖረዋል፤ ጓሮ ካለ ዶሮ ማርባት ይታሰባል። ስለዚህ ዛሬ የምናጠናው የዶሮ ቤት ስፋትን ነው። “ዶሮ ደግሞ ምን ያህል ቦታ ትፈልጋለች?” የሚል አይጠፋም። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር፤ ኋላ ግን ተቀጣንበት።

የሆነው እንዲህ ነው። የክበባችን አባላት ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ወር የሞላቸው 40 ቄቦች ገዛን። ቤቱን በገዛ እጃችን ሠራን፤ ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱም 2 ሜትር። ቄቦቹ እንደ ልባቸው ሲሯሯጡ አይተን ደስ አለን። አምስት ወር አልፏቸው እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። ጉልበተኞቹ ደካሞቹን ጀርባቸው እስኪደማ ይነቁሯቸው ጀመር። እንቁላሉ ጉዝጓዙ ላይ እየተረገጠ ተሰበረ። ጉዝጓዙ በኩስ ረጥቦ ሽታው ገና ከበሩ ይቀበላል። ሳልና ተቅማጥ ገባና በአንድ ወር ውስጥ 11 ሞቱብን። አንዱ መኖውን ወቀሰ፣ ሌላው ሻጩን፤ “የሰው ዓይን ነው” ያለም ነበር። በመጨረሻ ሜትር ይዘን ብንገባ ጥፋቱ የእኛው ሆኖ ተገኘ።

እስቲ እናስላው። ወለል ላይ በጉዝጓዝ ለሚረቡ ዶሮዎች በተለምዶ የሚሠራበት ልክ በ1 ካሬ ሜትር እንዲህ ነው፦

ሀ. እስከ አንድ ወር ያሉ ጫጩቶች፦ 20 ያህል
ለ. በማደግ ላይ ያሉ ቄቦች፦ 10 ያህል
ሐ. እንቁላል ጣይ ዶሮዎች፦ 5፣ ቢበዛ 6

እንግዲህ 40ዎቹ በጫጩትነታቸው 2 ካሬ ሜትር ይበቃቸዋል። ቄብ ሲሆኑ 4፣ እንቁላል ሲጥሉ 8 ካሬ ሜትር ይፈልጋሉ። የእኛ ቤት 4 ካሬ ሜትር ነው። በገቡበት ቀን ልኩ ትክክል ነበር፤ ስሕተታችን ለዚያች ቀን ብቻ መለካታችን ነው። ለ20 ዶሮ በሚሆን ቤት 40 አጉረናል ማለት ነው።

“እናቶቻችን መቼ ሜትር ይዘው ያውቃሉ?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሀበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ደጅ ስትጭር ትውላለች፤ ቤት የምትገባው ለማደር ብቻ ነው። ቆጥ ላይ ከሰፈረች ይበቃታል። ዘግተን ስናረባት ግን ደጁ ይሰጣት የነበረውን ቦታ፣ አየርና ደረቅ አፈር ማሟላት የእኛ ግዴታ ይሆናል።

ከወለሉ ስፋት ሌላ የሚለኩ ነገሮችም አሉ። ለ20 ዶሮዎች ብናሰላው፦

1. ቆጥ፦ ለአንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል፤ በጠቅላላው 4 ሜትር። ባለ 2 ሜትር ሁለት አጣና ይበቃል። በመካከላቸው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው።
2. የእንቁላል መጣያ ሳጥን፦ ለ5 ዶሮ አንድ፤ በጠቅላላው 4። የእያንዳንዱ ወርድ፣ ርዝመትና ከፍታ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ጨለም ያለ ጥግ ይመረጥለት።
3. መመገቢያ ገንዳ፦ ለአንዷ 10 ሳንቲ ሜትር። በሁለት ወገን የሚበላበት ከሆነ የ1 ሜትር ገንዳ ያዳርሳል። ገንዳው ካጠረ ደካማዋ ጾሟን ታድራለች።
4. ጉዝጓዝ፦ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት። በየጊዜው ይገላበጥ፤ የረጠበው ይውጣ።
5. አየር፦ የግድግዳው የላይኛው ክፍል በወንፊት ሽቦ ይሠራ። ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ሽቦው ጠንካራ ይሁን። ደጋ ላይ ብርድ ስላለ የታችኛው ግድግዳ ከፍ ይላል፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍተት ግን አይደፈንም። ቆላ ላይ ደግሞ የዶሮውን ቁጥር እንቀንሳለን፤ ዶሮ ላብ የላትምና በሙቀት ጊዜ የምታለከልከው ለዚህ ነው።

ቀላል መፈተኛም አለ። ጠዋት በሩን ከፍታችሁ ግቡና በዶሮዋ ቁመት ልክ ቁጢጥ በሉ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ ከኩሱ የሚወጣው አሞንያ በዝቷል፤ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ስትተነፍሰው አድራለች። አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ፦ ሰፊ ቤት የፈንግልን ክትባት አይተካም።

ገንዘባችን አንሶ ሳለ ብዙ ዶሮ ማጎራችን “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” የሚባለውን ሆነ። የቀሩትን 29 ስንለካቸው አሁንም ቤቱ ይጠባቸው ነበር። ስለዚህ 9ኙን ሸጠን 20 አስቀረን። መነቃቆሩ ቀነሰ፤ እንቁላሉም ከሳጥኑ ይለቀም ጀመር።

ይህ ትምህርት ለመማሪያ ክፍልም ይሆናል። ስለ ስፋት ስናስተምር ተማሪዎችን ሜትር አስይዘን ዶሮ ቤት ብንወስዳቸው፣ ካሬ ሜትር ምን እንደሆነ በዓይናቸው ያዩታል።

የመልመጃ ጥያቄ፦ ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል አለ። ስንት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ይይዛል? ስንት ሜትር ቆጥና ስንት ሳጥን ያስፈልጋል? ስታሰሉ፣ ዛሬ የሚገቡትን ሳይሆን ነገ የሚያድጉትን አስቡ። መልሱን በሚቀጥለው እትማችን እናወጣለን።