ስልኩን ልንጠቀው ወይስ መጽሐፍ ልግዛለት?

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቲክቶክ ላይ ተጥዶ ያመሻል። መጽሐፍ ስገዛለት «ሁሉም ስልኬ ላይ አለ» ይለኛል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከአንበሳሜ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ግማሽ እውነት አለው። ወሬውም መረጃውም ስልኩ ላይ አለ። የሌለው ፋታ ነው፤ አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ሌላው ይተካል፣ ያየውን የሚያብላላበት ጊዜ አያገኝም። ረጅም ልብ ወለድ የሚያነብ ግን የሰዎቹን መልክና ድምፅ በራሱ ሐሳብ ይፈጥራል፣ ከ100 ገጽ በፊት ያነበበውን አስታውሶ ከአሁኑ ጋር ያያይዛል። ትምህርቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ስልኩን መንጠቁን አልደግፍም፤ ኩርፊያ እንጂ አንባቢ አያተርፍም። ይልቁንስ በዚያው በስልኩ ይግቡበት። ለምሳሌ የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር የመጽሐፉን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቱ አወቀው። ትረካው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል፤ ታሪኩም ሩቅ አገር አይደለም፣ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው። ማታ ቡና ሲፈላ አንድ ክፍል አብራችሁ ስሙ። ልቡ ሲንጠለጠል «ቀጥሎ ምን ሆነ?» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ መጽሐፉን ይስጡት። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ውፍረቱ ካስፈራው (ቢያስፈራው አልፈርድበትም) በአጫጭር ልብ ወለዶች ይጀምር።

እባክዎ፣ እሱ በሚያነብበት ሰዓት እርስዎም ስልክዎን ያስቀምጡ።