ቆራሌው የማይገባበት ቅጂ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትረካ መቅዳት በጀመርኩ ሰሞን ከእኔ እኩል የሚሰማው «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ነበር። የምተርከው ንጉሥ ገና አፉን ሳይከፍት ከደጅ አሮጌ ብረት ይጠየቃል። ስቱዲዮ መከራየት ላልቻለ፣ ጠረጴዛና አንድ ማይክ ላለው ሰው የሠራልኝን እነሆ።

መጀመሪያ ዝምታውን ይቅዱ። ሊሠሩ ባሰቡበት ሰዓት ምንም ሳይናገሩ ማይኩን ለአንድ ደቂቃ ይክፈቱትና በጆሮ ማዳመጫ ጮክ አድርገው ያድምጡ። ለካ ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ፍሎረሰንቱ ይጮኻል፤ ታች ሮቶ የሚሞላ ፓምፕ አለ፤ ከአስፋልቱ ደግሞ ተሳፋሪ የሚጠራው ረዳት። የሚጠፋውን ሁሉ ያጥፉ። ፍሪጁን ሲነቅሉ የቤት ቁልፍዎን ውስጡ ያስቀምጡ፤ ሳይሰኩት ከቤት አይወጡም። ይህን ዘዴ የያዝኩት አንድ ኪሎ ሥጋ ከጣልኩ በኋላ ነው።

የማይጠፋውን በሰዓት ይሽሹት። ሌሊት ጥሩ ይመስላል እንጂ ሌሊት የውሻ ነው፤ ሲነጋጋ ደግሞ አዛኑና ቅዳሴው ይቀጥላል። እኔ ጋ ተማሪና ሠራተኛ ከወጣ በኋላ፣ ከረፋዱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ይሻላል። ሳሪስ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት ያለ ሰው የራሱን ሰዓት ይፈልግ። በሐምሌና በነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ግን ዝናቡ ሲጀምር ቡና ቢያፈላ ይሻለዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ማይኩን ያቅርቡት። አውራ ጣትዎን ከንፈርዎ ላይ አድርገው እጅዎን ይዘርጉ፤ ትንሿ ጣት የደረሰችበት የማይኩ ቦታ ነው፤ አንድ ስንዝር። በማይኩና በአፍዎ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ባጠረ ቁጥር ድምፅዎ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የመንገዱ ጫጫታ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ የመቅጃውን መጠን ዝቅ ሲያደርጉ ጫጫታውም አብሮ ይወርዳል። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከሁሉም የሚበልጥ እርምጃ ይሄ ነው። ማይኩን ከአፍዎ ትክክል ሳይሆን ትንሽ ወደ ጉንጭዎ ያድርጉት፤ «ፈ» እና «ፐ» ሲሉ የሚወጣው ትንፋሽ እንዳይመታው። መጠኑንም በ«ሄሎ፣ ሄሎ» አይለኩ። «ቆቁ ጭቃ ላይ ጠጠር ለቀመ» ይበሉ፤ ቀ፣ ጠ እና ጨ በድንገት ስለሚፈነዱ ጣሪያው የት እንደሆነ የሚነግሩዎት እነሱ ናቸው። ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ከቆመ በቂ ነው።

አብዛኛው የጠረጴዛ ማይክ ካርዲዮይድ ነው፤ ከፊቱ ይሰማል፣ ከጀርባው ይደነቁራል። የደነቆረውን ጎን ወደ መስኮቱና ወደ ላፕቶፑ ማራገቢያ ያዙሩት። እንዲህ ሲሆን ማይኩ የሚያየው እርስዎንና ከኋላዎ ያለውን ግድግዳ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ድምፅን መልሶ ስለሚወረውር ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን ወይም ልብስ የሞላበት የተከፈተ ቁም ሳጥን ከኋላዎ ያድርጉ። ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅልና ለምን አልሠራም ይላል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍን በተመለከተ፦ የውጭ ድምፅ አያስቆምም፤ እንቁላሉን ይብሉበት። ከማይኩ መቆሚያ ሥር ግን የታጠፈ ፎጣ ያኑሩ፤ ጠረጴዛው ሲነካ የሚሰማውን ጉምታ ይቀንሳል።

ወጥ የሆነ እምምታ ካለ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ። የኤሌክትሪካችን ሞገድ 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው ከዚያ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ሲነቀል ይጠፋል።

ሶፍትዌር መጨረሻ ይምጣ። ነፃ የሆነው ኦዳሲቲ ይበቃል። መጀመሪያ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ። ከዚያ ከንባብዎ በፊት ሳይናገሩ የቀዱትን አሥር ሰከንድ የጫጫታ ናሙና አድርገው ያሳዩትና ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ብቻ ይቀንሱ። ከዚያ በላይ ከሄዱ ድምፅዎ ከውኃ ውስጥ የሚናገር ሰው ይመስላል።

ይህ የጫጫታ መቀነሻ የሚያውቀው ሳይለዋወጥ የሚቀጥል ድምፅን ነው፤ ቆራሌውን አያውቀውም። እሱ ሲመጣ መቅጃውን ሳያጠፉ ንባቡን ያቁሙ። ጥሪው ሲርቅ አንዴ ያጨብጭቡ፤ በኋላ ሲያርሙ ቦታው ስክሪኑ ላይ እንደ ሹል እሾህ ቆሞ ያገኙታል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከመሃል ሳይሆን ከመጀመሪያው ይድገሙት።