«ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?» ሲባሉ

በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 ለሆነና አጭሰው ለሚያውቁ ወንዶች የተሰጠው ምክር፣ የሆዳቸውን ትልቅ ደም ቅዳ፣ አኦርታን፣ አብጦ እንደሆነ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ ነው። በዕድሜ ዘመን 100 ሲጋራ፣ ማለትም አምስት ፓኮ፣ ከሞላ አጭሰዋል ይባላል። ድሮ ተውኩት ማለት አያድንም።

ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ የማውቃቸው አባት ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ያጨሱ ነበር፤ ንስሐ ገብተው ተዉት፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው እንዲነሣባቸው አይወዱም። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው የምታስተረጉመው ልጃቸው ነበረች። «ኧረ በጭራሽ!» አሉ። ሐኪሙም አምኖ ወደ ምርመራው ሳይልካቸው ቀረ። ከጊዜ በኋላ ወገባቸውን ቆረጣቸው፤ የመኪናው ወንበር ነው ብለው ሲታሹ ሰነበቱ። አንድ ሌሊት ከአልጋ ሲነሡ ወደቁ። አምቡላንሱ ሲመጣ ደም ቅዳው ፈንድቶ ነበር።

ንስሐ ኃጢአትን ያስተሰርያል፤ የደም ቅዳን ግድግዳ ግን አይጠግንም። ደግሞስ በልጅ ፊት ማን እውነቱን ይናገራል? አስተርጓሚ በነፃ እንዲሰጥዎ ሆስፒታሉን ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው።

የልቅሶ ቤታችንም ነገር ያናድደኛል። «ምን አገኛቸው?» «ድንገት ነው።» በቃ፣ ንፍሮው ይዞራል። ለቀብሩ ቪዲዮ አንሺ እንቀጥራለን፤ የሞቱ ምክንያት የተጻፈበትን ወረቀት ግን የሚያነብ የለም። አባት ወይም ወንድም በአኦርታ መፈንዳት ከሞተ የቀሪው ሥጋት ከሌላው ሰው ይበልጣል፤ «ድንገት» የሚል ዘመድ ያለው ሰው ይህን ለሐኪሙ ምን ብሎ ይንገር?

ጤነኛ አኦርታ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። 3 ከደረሰ አብጧል፤ በየጊዜው እየተለካ ይጠበቃል እንጂ ወዲያው ቢላዋ አይነሣበትም። የቀዶ ሕክምና ወሬ የሚመጣው በወንድ 5.5፣ በሴት 5 አካባቢ ሲደርስ ነው። አንስታይን በ1948 እ.ኤ.አ. ኒሰን የተባለ ሐኪም እብጠቱን በሴሎፋን ጠቅልሎለት እስከ 1955 ኖሯል፤ በመጨረሻ ሲፈነዳ ቀዶ ሕክምናውን እምቢ አለ። ዛሬ መድኃኒቱ ከሴሎፋን የተሻለ ነው።

ዛሬም የሚያጨስ ይተው፤ ደም ግፊቱንም ይቆጣጠር።

ሜዲኬር ያላቸው፣ ሐኪም ካዘዘላቸውና ምርመራው የሚገባቸው ከሆኑ፣ አንዴ ያለ ክፍያ ይታያሉ። መርፌ የለውም፤ ሆድ ላይ ቅባት ቀብተው መሣሪያውን ያንሸራትቱበታል። ብዙ ጊዜ ሳይበሉ እንዲመጡ ያዝዛሉ፤ በምግብና በጋዝ የተነፋ ሆድ ደም ቅዳውን ይጋርዳል።