ሳይታመም እንመርምረው

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የማግዘው አንድ የፀረ ኤድስ ክበብ የሁለት ዓመት የድራማ ጽሑፉን ያስቀመጠው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። አንድ ቀን መብራት ድርግም አለ፤ ሲመለስ ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» ከማለት በቀር አልሠራም። ድካማችንን ውሃ በላው።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለ፤ አንባቢው ክንድ ሳህኑን ሳይነካ ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት ይንሳፈፋል። ስለዚህ፦

• እየሠራ አታንቀሳቅሱት፤ ገመድ ነቅላችሁ አታጥፉት።
• በወር አንዴ የሲ ድራይቭን ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ቱልስ ከፍታችሁ «ቼክ» የሚለውን ተጫኑ።
• የጽሑፋችሁን ቅጂ በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።
• እንግዳ ድምፅ ከሰማችሁ ቅጂው ይቅደም፣ ጥገናው ይከተል።

ለራሳችን «ሳንታመም እንመርመር» እንል የለ? ዲስኩም እንደዚያው ነው። ቸር እንሰንብት!